እትዬ፣ የት እንብላ?

ባለፈው እትም «ሰው አገር ስትሄዱ ምግብ ቤት እንዴት ትመርጣላችሁ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ ስጠብቅ የጥያቄ ክምር መጣልኝ። ለማታውቁኝ፣ አሥራ አራት ዓመት በሦስት ትልልቅ ከተሞች ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ፣ ቀጥሎ አስተናጋጅ፣ መጨረሻ ላይ ሂሳብ ተቀባይ። ስለዚህ የምመልሰው ሰሃኑን ተሸክማ ስትወጣ እንደኖረች ሰው ነው። ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን እንደለመድነው።

«እትዬ፣ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ውጭ ልሄድ ነው። አበሌን ሳሰላው በቀን አንዴ ደህና ቦታ ቢያበላኝ ነው። ደረቅ ሳንድዊች እየገመጥኩ ልመለስ እንዴ?» — አበል ቆጣሪው

ለምን ትገምጣለህ ልጄ! ያቺን አንድ ጊዜ ምሳ አድርጋት። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

በሠራሁበት አንድ ቤት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትልቅ የብረት ድስት ይጣድ ነበር፤ የበግ ሥጋ ከካሮትና ከድንች ጋር ቀስ እያለ ይበስላል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሼፉ በጭልፋ እየጨለፈ በተራ ነጭ ሰሃን ያወጣዋል። ሾርባና ዳቦ ይጨመርበትና «የቀኑ ምሳ» ተብሎ ይሄዳል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድስቱም ያው፣ ጭልፋውም ያው። ሰሃኑ ግን አሁን ሰፊና ጎድጓዳ ነው፤ ሥጋው መሀል ላይ ተቆልሎ አንዲት ቅጠል ትሰካበታለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሻማ በርቷል። ዋጋው እጥፍ ከምናምን ይሆናል፤ ሾርባና ዳቦውም ለብቻቸው ይታሰባሉ። እውነቱን ለመናገር ወጡ እስከ ማታ ሲቆይ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። እጥፍ ግን አይጣፍጥም።

ተንኮል አይደለም። ኪራዩና የሠራተኛው ደሞዝ ሰው ገባም አልገባም ይቆጥራል፤ ቀን ላይ ባዶ ከመቀመጥ በትንሽ ትርፍ መሸጥ ይሻላል። ቀን የሚመጣውም ከመሥሪያ ቤት ለአንድ ሰዓት የወጣ ሰው ነው። ሜኑ ሲያገላብጥ የሚቆይበት ጊዜ የለውም፣ ነገም ተመልሶ ይመጣል። ለእሱ ሁለት ሦስት ዓይነት ከቀረበለት በቃው። ዓይነቱ ሲያንስ የሚደፋው ምግብ ይቀንሳል፣ ወንበሩም ቶሎ ይለቀቃል።

ይህ ምሳ በየአገሩ ስም አለው፤ ስሙን ይዘህ ሂድ። ስፔን «ሜኑ ዴል ዲያ» ነው፦ አንደኛ ሰሃን፣ ሁለተኛ ሰሃን፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ ከዚያ ጣፋጭ ወይም ቡና፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ብዙ ጊዜ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ታየዋለህ። እዚያ ምሳ የሚሞቀው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ስለሆነ በ6 ሰዓት ሄደህ በሩን አትደብድብ። ሜክሲኮ ሲቲ «ኮሚዳ ኮሪዳ» ይሉታል። ጃፓን «ቴይሾኩ» ነው፤ ሩዙ፣ ሾርባው፣ ዋናው ምግብና የኮመጠጠው አትክልት በአንድ ትሪ ይመጣልሃል። ኢስታንቡል «ኤስናፍ ሎካንታሲ» የሚባሉ የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ምሳ ቤቶች አሉ። ምግቡ ተሠርቶ በመስታወት ጀርባ ተደርድሮ ይጠብቅሃል፤ ቋንቋ አያስፈልግህም፣ ጣት ይበቃል። ብቻ ቀደም በል፤ ከሰዓት በኋላ የምታገኘው የድስት ፍቅፋቂ ነው።

ማታ ማታ ከገበያ ዳቦ፣ አይብና ፍራፍሬ ይዘህ ክፍልህ ግባ። የምትሄደው ሲንጋፖር ከሆነ ግን ይህን ሁሉ እርሳው። እዚያ ቀንም ማታም በርካሽ የሚያበላ «ሆከር ሴንተር» ከመቶ በላይ አለ። መንግሥት የጎዳና ላይ ምግብ ሻጮችን ሰብስቦ ውኃና ፍሳሽ ባለው ጣሪያ ሥር ያስገባባቸው አዳራሾች ናቸው፤ ባህሉ በ2020 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሰው የሌለበት ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ፓኬት ተቀምጦ ብታይ የረሳው ሰው ያለ እንዳይመስልህ፤ «ተይዟል» ማለት ነው። ስትጨርስ ትሪህን ራስህ መልስ፤ ከ2021 ወዲህ አለመመለስ ያስቀጣል።

«የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ዓምና አንድ ስመ ጥር አደባባይ ላይ ቀዝቃዛ ፓስታ በወርቅ ዋጋ በላን። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ምን አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ?» — ተበላሁ

ባለቤትዎ እውነት አላቸው፤ ግን ይማሩዎት። የዚያ ቤት ባለቤት የሸጠልዎት ፓስታ አይደለም፣ ወንበር ነው። ወንበሩ ሐውልቱን ያያል። እርስዎ ነገ አገርዎ ይገባሉ፤ ፓስታው ቀዘቀዘም ሞቀም ተመልሰው እንደማይመጡ እሱም ያውቃል። ሦስት አራት መታጠፊያ ራቅ ብለው ቢሄዱ ግን ቤቱን የሚያኖረው የሰፈሩ ሰው ነው። ያ ሰው አንዴ ከተከፋ ከነጎረቤቱ ይቀራል።

የሚጠረጠረውን ልንገርዎት። በር ላይ ቆሞ «ግቡ ግቡ» የሚል ሰው፤ በደህና ቤት ያንን ሥራ ሽታው ይሠራዋል። የሜኑው ውፍረት። ፒዛም፣ ሱሺም፣ በርገርም፣ ካሪም የሚል ቤት ካዩ ጎበዝ ሼፍ ሳይሆን ትልቅ ፍሪዘር አለው ማለት ነው። እኛ ቤት ሜኑው አንድ ገጽ ነበር፤ እሱንም ለማድረስ አራት ሰው ይላብ ነበር። ፎቶ ያለበት ሜኑም መጥፎ ነው ሲባል ይሰማሉ። ይኼኛው በየቦታው አይሠራም፤ ጃፓን ጥሩ ጥሩ ቤቶች ሳይቀሩ የምግባቸውን አምሳያ በፕላስቲክ አሠርተው መስኮት ላይ ይደረድሩታል፤ ቶኪዮ ውስጥ ካፓባሺ በሚባለው ሰፈር ይህንኑ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። እዚያ ለእንግዳ ትልቅ እፎይታ ነው።

እንዳይከፋዎት የራሴን ልጨምርልዎት። ስንት ዓመት ሂሳብ ስሠራ የኖርኩ ሴት፣ በአንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ለዕረፍት ሄጄ የቀኑን ዓሣ አዘዝኩ። ከጎኑ የተጻፈችው ቁጥር ትንሽ ነበረች፤ ርካሽ መሰለችኝ። አስተናጋጁ ዓሣውን በሰሃን አምጥቶ አሳየኝ፣ «ይሁን?» አለኝ፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ሂሳቡ ሲመጣ ቁጥሯ በዘጠኝ ተባዝታለች። ሜኑውን መልሼ ሳይ ከዋጋው ሥር በደቃቅ ፊደል «ለ100 ግራም» ይላል፤ የእኔ ዓሣ 900 ግራም ነበር። ማንም አልዋሸኝም። ዓሣና ትልልቅ ሥጋ በሚዛን በሚሸጥበት አገር ሁሉ፣ ሲያሳዩዎት ውበቱን ሳይሆን ክብደቱን ይጠይቁ። «ይኼ በጠቅላላው ስንት ይመጣል?» ማለት ነውር የለውም። ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ ቢሉ ደግሞ የተሻለ ነው።

«እትዬ፣ ስልኬ ላይ ሁሉም ቤት አራት ተኩል ኮከብ ነው። ኮከቡን ልመን?» — ኮከብ ቆጣሪዋ

ኮከቡን ተዪው፣ ጽሑፉን አንብቢ። አምስት የሰጠው ወይ የባለቤቱ ዘመድ ነው ወይ የልደት ቀኑ ነበር፤ አንድ የሰጠው ዝናብ መትቶት ይሆናል። እኔ የማነበው ሦስትና አራት የሰጡትን ነው፤ «ሾርባው ድንቅ ነው፣ ሥጋው ደረቀብኝ፣ አስተናጋጇ ረሳችን» የሚል ሰው በእርግጥ በልቷል። ቀኑንም እዪ። ሼፍ ይቀየራል፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተወደሰው ሰው ዛሬ ሌላ ቤት ይሆናል። ሌላው ዘዴዬ ደግሞ የምግቡን ስም በአገሬው ፊደል ገልብጬ መፈለግ ነው። የሚመጣው ዝርዝር ቱሪስት ከጻፈው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ትርጉሙን ስልክሽ ይሠራልሻል።

ስለ ሌላኛው ኮከብ፣ ለምርጥ ምግብ ቤቶች ኮከብ ስለሚሰጠው ስለ ሚሽሊን መምሪያ የጠየቁኝም አሉ። አዎ፣ የጎማው ፋብሪካ ነው። በ1900 መኪና ያለው ሰው ብዙ እንዲነዳና ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ ብለው በነጻ ያደሉት የመንገድ መምሪያ ነበር። ኮከቡ በ1926 መጣ፤ ሁለትና ሦስት ኮከብ ደግሞ በ1931። አንድ ኮከብ በዓይነቱ በጣም ጥሩ ቤት፣ ሁለት መንገድ የሚያስቀይስ፣ ሦስት ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚደረግለት ማለት ነው። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ደብቀው ይገባሉ፣ ሂሳባቸውንም ከፍለው ይወጣሉ። አንድ ሰሞን ብቻውን የሚበላ ሰው በመጣ ቁጥር «መርማሪ ነው!» ተብሎ ወጥ ቤቱ ይተራመስ ነበር። አንዱ በኋላ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ሆኖ ተገኘ፤ እንደዚያ ቀን በክብር በልቶ አያውቅም።

ኪስሽን የሚያስብልሽ ግን ኮከቡ ሳይሆን «ቢብ ጉርማንድ» የሚባለው ምልክት ነው፤ ከ1997 ጀምሮ በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ለሚያበሉ ቤቶች ይሰጣል። አንዳንዴ ኮከቡም ራሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በ2016 ሲንጋፖር ውስጥ ሁለት የሆከር ሱቆች አንድ አንድ ኮከብ አግኝተዋል። የመንገድ ዳር ሁሉ ርካሽ እንዳይመስልሽ ደግሞ ባንኮክ ውስጥ ጄይ ፋይ የሚሏቸው ሴትዮ አሉ። ከከሰል እሳቱ ዓይናቸውን ለመከላከል የበረዶ ሸርተቴ መነጽር አድርገው ያበስላሉ፤ ኮከብ አላቸው፣ የሸርጣን ኦምሌታቸው ዋጋም የደህና ሬስቶራንት ነው።

ከስልኩ ይልቅ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሚረዳበትም አገር አለ። ኒውዮርክ ከ2010 ጀምሮ ምግብ ቤቶች የንጽሕና ውጤታቸውን ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ብለው በር ላይ ይለጥፋሉ። እንግሊዝ ከዜሮ እስከ አምስት ነው፤ ለንደን ውስጥ አምስት የሌለው በር ላይ ቢያንስ አንዴ ቆም ብዬ አስባለሁ።

«ሂሳቡ ሜኑው ላይ ካየሁት ሁልጊዜ ለምን ይበልጣል? ቲፕስ የግድ ነው?» — ደንበኛችሁ

እንደ አገሩ ነው፤ ይህን ሳያውቁ መቀመጥ ደግሞ በጀትን ያፈርሳል።

አሜሪካ ሜኑው ላይ የሚያዩት ዋጋ ታክስ የሌለበት ነው፤ ቲፕም ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል። «አልሰጥም» የሚል ዘመድ አለኝ። እኔ ግን አስተናጋጅ ነበርኩ፤ በፌዴራሉ ሕግ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ ከቀጣሪው የሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍያ ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ቀጣሪውን ሙሉውን ዝቅተኛ ደሞዝ የሚያስከፍሉ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶችም አሉ፤ በሌላው ግን ያቺ ልጅ የምትኖረው በእርስዎ ጠረጴዛ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ሲበሉ ከሜኑው ዋጋ ላይ ሩቡን ያህል ጨምረው ያስቡ።

ለንደን ብዙ ቤት የአገልግሎት ብሎ 12.5 በመቶ ራሱ ጨምሮ ያመጣል። «በፈቃድ» ተብሎ ከተጻፈበት አንሱልኝ ማለት ይቻላል፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ግን ገንዘቡ ለሠራተኛው እንዲደርስ ሕጉ ያስገድዳል። ፈረንሳይ አገልግሎቱ ዋጋው ውስጥ ነው፤ ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ በጆግ ሲጠይቁም በነጻ ያመጡልዎታል፣ «ውኃ» ብቻ ካሉ ግን ጠርሙስ ይከፈታል። ጣሊያን «ኮፔርቶ» የሚባል የመቀመጫና የዳቦ ሂሳብ በነፍስ ወከፍ ይታሰባል፤ ቡናም ባንኮኒው ላይ ቆመው ሲጠጡና ተቀምጠው ሲጠጡ ዋጋው ሊለያይ ይችላል። ፖርቱጋል ሳያዙ ዳቦ፣ ወይራና አይብ ጠረጴዛዎ ላይ ያርፋል። ካልነኩት አይከፍሉም፤ ስለዚህ ካልፈለጉት ወዲያው ይመልሱት፣ ልጆች ከነኩት በኋላ ክርክር የለም። ጃፓን ቲፕ የለም። ጠረጴዛ ላይ ትተው ቢወጡ አስተናጋጁ «ረሱት» ብሎ ሮጦ ሊደርስብዎት ይችላል። ማታ መጠጥ ቤት ሲገቡ ግን «ኦቶሺ» የምትባል ያላዘዟት ትንሽ ሰሃን ትመጣለች፤ የመቀመጫ ሂሳብ ናት፤ ቢበሏት ይሻላል።

«ለሃያኛ ዓመት ጋብቻችን ባለቤቴን ኮከብ ያለው ቤት ልወስዳት እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምችለው። እዚያ ገብቼ መዋረድ ደግሞ አልፈልግም።» — ፈሪው ጋባዥ

አትፍራ ወንድሜ። አሁንም ምሳ እልሃለሁ፤ ኮከብ ያላቸው ብዙ ቤቶች ቀን ላይ አጠር ያለ ሜኑ ከማታው በጣም ባነሰ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ምግብ ሠሪዎቹ ያው ናቸው፣ የጠረጴዛው ልብስም ያው ነው። አስቀድመህ ቦታ ያዝ፤ ካርድ ከጠየቁህ ሳትሰርዝ ብትቀር ስንት እንደሚቆርጡ አንብብ። ሹካና ቢላው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ብትሳሳትም አስተናጋጇ ሳትናገር ትቀይርልሃለች። እኔ ስንቱን ቀይሬያለሁ፤ ማንንም አላስታውስም።

ኪስ የሚጎዳው መጠጡ ነው። ወይን ሲመጣ ዝርዝሩን ክፈትና አቅምህ የሚችለውን ዋጋ በጣትህ እየነካህ «እንደዚህ ያለ ነገር ፈልግልኝ» በለው። ጠጅ አሳላፊው ይገባዋል፤ ባለቤትህ ፊትም የብር ነገር አልተነሳም። አንድ ሰውዬ አስታውሳለሁ፤ ሚስቱ እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ጠራኝና «እህቴ፣ ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ እንዳታሳልፊኝ» ብሎ ቁጥሩን ነገረኝ። ያን ምሽት ሂሳባቸው ከቁጥሩ በትንሽ አንሶ ነው የወጣው። ጣፋጩን አብረው እንዲካፈሉ አንድ ሰሃን በሁለት ማንኪያ አመጣሁላቸው፤ እሷ ፍቅር መሰላት።

የምትሄዱት ፓሪስ ከሆነና ኮከቡን ብትተው ግድ የማይልህ ከሆነ፣ ከ1896 ጀምሮ ክፍት የሆነውን ቡዮን ሻርቲዬን ሞክር። ሠራተኛ በርካሽ እንዲበላ የተከፈተ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ መስታወቱና ናሱ ግን የቤተ መንግሥት ነው። ከማታውቁት ሰው ጋር ጠረጴዛ ያጋሯችሁ ይሆናል። አስተናጋጁ ትእዛዛችሁን በወረቀቱ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይጽፈዋል፤ መጨረሻም እዚያው ላይ ይደምረዋል። እኔ ቀድጄ ይዤው መጥቻለሁ።

«መንገድ ላይ በልቼ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ከእንግዲህ ሆቴል ብቻ ልብላ?» — ሆድ ባሻው

እግዜር ይማርህ። ግን ለብ ባለ ምጣድ ላይ ሰዓታት ከሚቆይ የሆቴል ቡፌ፣ ፊትህ የሚንጨረጨር የመንገድ ምግብ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ይቆይ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር። እኔ በተለይ የምፈራው ለብ ያለ ሩዝ ነው። በሩዝ ላይ የሚገኝ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ዘሩ መቀቀልን ይቋቋማል፤ ለብ ሲል ይራባና መርዝ ያመርታል፣ መርዙም እንደገና ቢሞቅ አይጠፋም። ሰልፍ ያለበትን ሻጭ ምረጥ፤ እሱ ጋ ምግብ የሚያድርበት ጊዜ የለውም።

«ሰሊጥ አይስማማኝም፣ ያሳብጠኛል።» — ሰ.

«አልወድም» አትበይ፣ «አለርጂ አለብኝ» በይ፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ በጣም የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአገሬው ቋንቋ ካርድ ላይ ጽፈሽ ያዢ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ሰሊጥን ጨምሮ የ14 አለርጂ አምጪ ነገሮችን መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ዝርዝሩን አምጡልኝ ማለት መብትሽ ነው። መድኃኒትሽን ሆቴል ትተሽ አትውጪ።

«እትዬ፣ በመጨረሻው ቀን ብሬ ቢያልቅስ?» — መንገደኛው

ያለህበት ዴልሂ ከሆነ ጉርድዋራ ባንግላ ሳሂብ ሂድ። የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ ጸሎት ነው፤ ሃይማኖትህን ሳይጠይቁ ማንኛውንም ሰው በነጻ ያበላሉ፣ «ላንጋር» ይባላል። ጫማህን አውልቀህ፣ ራስህን ሸፍነህ፣ ምንጣፍ ላይ በረድፍ ትቀመጣለህ፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል መሬት ላይ ነው። ቂጣውን በሁለት እጅህ ዘርግተህ ተቀበል፤ ምስሩ እስክትጠግብ ይጨመርልሃል፣ ብቻ የወሰድከውን አትተው። በልቶ ማገልገል ለፈለገ ሰው ሥራ አለ። እኔ ሄጄ በበላሁ ጊዜ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገባሁ፤ እጄ ሥራውን ያውቀዋል ብዬ። ከጎኔ የቆሙት አሮጊት ያጠብኩትን የመጀመሪያ ሰሃን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ምንም ሳይናገሩ መልሰው ውኃው ውስጥ ከተቱት።